የኬሚስትሪ መምህር ዕውቀትና ድፍረት

ውኃ ፈልቶ ሲንተከተክ የሚወጡት አረፋዎች ምንድን ናቸው? ብዙ ተማሪዎች «አየር ነው» ይላሉ፤ ሌሎችም «ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተለያይተው ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን ውኃው ራሱ እንፋሎት ሆኖ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር መልሱን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ተማሪው በየት በኩል እንደሚስት፥ በምንስ ምሳሌ እንደሚቃና ማወቅ ይገባዋል። አሜሪካዊው ሊቅ ሊ ሹልማን፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም.፥ ይህን የመምህርነት ልዩ ዕውቀት ከትምህርቱ ዕውቀት ለይቶ ጽፎአል። ዕውቀቱም በዲፕሎማ ተጠናቅቆ አይገኝም፤ መምህሩ ተማሪዎቹን እየጠየቀ፥ ስሕተታቸውን ሳይነቅፍ እየመዘገበ፥ ከባልደረቦቹም ጋር እየተመካከረ በየዓመቱ ያዳብረዋል።

ድፍረትም እንዲሁ በልምድ ይገኛል። ሙከራውን ከባልደረባው ጋር አስቀድሞ ሠርቶ ያየ፥ ብርቱ አሲድ ሲያቀጥኑ አሲዱን ቀስ በቀስ ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ እንደማይጨምሩ እጁ የለመደ መምህር በተማሪዎቹ ፊት አይርበተበትም። ድፍረት የሌለው ግን ጠርሙሶቹን በቁም ሣጥን ቆልፎ ማስታወሻ ብቻ ያጽፋል፤ ልጆቻችንም የነገሩን ስም እንጂ ነገሩን ሳያውቁ ይቀራሉ።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፤ በተማሪ ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ ልጃችሁ ማርክ ብቻ አትጠይቁ፤ መምህሩ የሚዘጋጅበትን ጊዜ ማግኘቱንም ጠይቁ።