የመድፈኛው ሐውልትና የገባሩ ጫንቃ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ወራሪውን በመድፍ የለበለበው ክፍልና አዛዡ በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ ሐውልት ይገባቸዋል፤ በዚህ አንከራከርም። በ1929 ዓ.ም. በስተርጅና ለፋሺስት አልገዛም ብለው እየተዋጉ መውደቃቸውም ክብራቸውን ያጸናል።

ይሁን እንጂ የዲላና የአካባቢዋ ሠርቶ አደር የኚህን ጀግና ስም በሌላም ወገን ያውቀዋል። ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞን ባስተዳደሩባቸው ዓመታት የጌዴኦ ገበሬ ገባር ነበር። ነፍጠኛውን የቀለበ፣ ግብሩን ተሸክሞ ያጋዘ የእርሱ ጫንቃ ነው። በ1952 ዓ.ም. ጦር አንሥቶ የመሬት ከበርቴውን የተጋፈጠውም ያው የተጠራቀመ ምሬት ገፍቶት ነው። መድፈኛውን የምናወድሰው ይህን ሸፍነን ከሆነ ግማሹን ታሪክ ብቻ ማቆማችን ነው።

ቱቱ ፈላን የመሰለ ትክል ድንጋይ ለሙታን በቆመበት በዚህ ምድር ለመድፈኛው ሐውልት የሚታሰብ ከሆነ፣ ሸክም ያጎበጠው ገባር ከመድፉ አጠገብ እንዲቀረጽ እንጠይቃለን።