ቡናም ይቀዳል፣ ካሴትም ይቀዳል

ባለፈው እሑድ ከእናቴ ቁም ሣጥን ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ጎትቼ አወጣሁና ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። የዘፋኝ ፎቶ ያለባቸውን በአንድ ወገን፣ በእስክሪብቶ ጫር ጫር የተደረገባቸውንና ምንም ያልተጻፈባቸውን በሌላ ወገን ከመርኩ። ኮምፒውተር ላይ ልገለብጣቸው ያሰብኩት ዘፈኖቹን ነበር። ሌሎቹማ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ከዓረብ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ናቸው፤ ማን ይሰማቸዋል?

ቆይቼ ሳስበው ስሌቱ የተገላቢጦሽ ሆነብኝ።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ልብ በሉ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ በዋሽንግተንም ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና አርቲስቱ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ይህ የሆነው ካሴቱ ለገበያ ስለወጣ ነው፤ የአንዱ ቤት ቅጂ ቢጠፋ የሌላው ይተርፋል። የእናቴ ካርቶን ውስጥ ያለው የሰርግ ካሴት ግን አንድ ለናቱ ነው። ቴፕ ከበላው ባሕር ዳር ብንሄድ አናገኘው፣ ዋሽንግተን ብንሄድ አናገኘው።

ስለዚህ ፎቶ የሌላቸውን አስቀደምኩ። ገበያ አካባቢ የሚሠራ ጠጋኝ የቴፑን የረገበ ጎማ ቀየረልኝ። ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግሁ፤ የላላውን ክር እንደ ድሮው በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንኩ። ሻጋታ ያወጣውን ለብቻ አስቀመጥኩት፤ ሳይጸዳ ቢገባ ሄዱን ያበላሻል፣ ወደ ሌሎቹም ይዛመታል። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ አንድ ገመድ ዘረጋሁና ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ፋይል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እንደመወርወር አይደለም። ሳይታመቅ ሲቀመጥ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ አንዱ ካሴት 600 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ቦታ ያጣብባል ብላችሁ ዋናውን አትቆንጥሩት፤ የክሩን ሹሽታ ማጽዳት ያማራችሁ ቅጂው ላይ ሞክሩ።

ያ አንድ ሰዓት አሰልቺ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ቡና አፈላች። በእኛ ቋንቋ ቡናም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል፤ ለካ ጊዜያቸውም ይገጥማል። አቦሉ ሲወርድ የወላጆቼ ሰርግ ጀመረ። እልልታው አልፎ አንድ ሽማግሌ በሲዳምኛ ሲመርቁ ተሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ! መልሰው እስቲ!» አለች አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ።

መለስኩት።

«ጎረቤታችን ናቸው እኮ! አባትህ እዚህ አገር ዘመድ አልነበረውም፤ እሳቸው ናቸው ሽማግሌ ሆነው እናትህን የጠየቁለት።»

ይህን አላውቅም ነበር። የእኛዋ ሐዋሳ በ1950ዎቹ ተቆርቁራ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰው አጎራብታ ያደገች ከተማ ናት፤ የዘመድ ያህል የሆነ ጎረቤት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ያንን ዝምድና የመዘገበ ወረቀት ግን የለም። ያለው ካሴቱ ላይ ነው፤ የካሴቱንም ድምፅ የሚያውቀው ቡና ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አክስቴ ባትኖር እኔ የምገለብጠው የማይታወቁ ሽማግሌ ድምፅ ነበር። ማሽኑን ጠጋኝ ያበጀዋል፤ ድምፁን የሚለይ ሰው ሲሄድ ግን ምን ይደረጋል? ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ከገመዱ በፊት አክስታችሁን ጥሩ።

ፕሮግራሙ የፋይል ስም ሲጠይቀኝ «ካሴት 3» ልል ነበር። አጠፋሁትና የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው እየጠየቅኋት ጻፍኩ። ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

«በል ገልብጠው» አለች አክስቴ፤ «በረካው ገና አልተቀዳም።»