ስለ ታዳጊ እንስሳት መኖ፤ ጆንያ ከመቍጠር ዐይነቱን መመርመር እንደሚሻል

እንስሳ የሚያረባ ሰው ስለ መኖ ሲጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ስንት ጆንያ እህል እንደሚሰጥ ነው። ጆንያውን መቍጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን ታዳጊ እንስሳ ሥጋ የሚያወጣው በእህሉ ብዛት ብቻ አለመሆኑን በግልገል ዐሣማ ላይ የተደረገው ምርመራ ገልጦታል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ክርስቲያንና እስላም በሃይማኖቱ ሥርዓት ዐሣማ ስለማይበላ፥ ይህ ትምህርት ምን ይረባል የሚል ሹም አይጠፋም። መልሱ ግን ቀላል ነው። በሬና በግ ስለሚያመሰኩ በሆዳቸው ያሉት ረቂቃን ተሐዋስያን ከደካማውም መኖ የሚጠቅማቸውን ይሠሩላቸዋል። ዐሣማ፥ ዶሮና ሰው ግን ይህ ዕድል የላቸውም፤ ስለዚህ በግልገል ዐሣማ የታየው ለጫጩትም ለሕፃንም ትምህርት ነው።

ሥጋ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲንም ሃያ ያህል ዐይነት ካላቸው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ክፍሎች ይገጣጠማል። ከነዚህም ዘጠኝ ያህሉን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከመኖው ማግኘት አለበት። ግንበኛ ድንጋይ ቢከመርለትም ጭቃ ካነሰው ግድግዳው እንደማይቆም፥ ከነዚህ አንዱ ያነሰ እንደ ሆነ የቀሩት ሥጋ ሊሆኑ አይችሉም፤ ትርፉም ተሰባብሮ በሽንት ይወጣል። ባለ ንብረቱ በገንዘቡ የገዛው እህል እንዲህ ሆኖ ይባክናል።

በበቆሎ አስቀድሞ የሚያንሰው ላይሲን የሚባለው ነው። በ100 ኪሎ በቆሎ ውስጥ ያለው ላይሲን 250 ግራም ያህል ነው፤ ክብደቱ ከ11 እስከ 25 ኪሎ የሆነ ግልገል ዐሣማ ግን በ100 ኪሎ መኖ ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም የማያንስ ይፈልጋል። ዘይቱ የተጨመቀ የአኩሪ አተር ፋጉሎ በ100 ኪሎ 3 ኪሎ ያህል ስላለው ጉድለቱን ይሞላል። ሉሲን የተባለውም በአራስ ግልገል ጡንቻ ውስጥ የሥጋን ሥራ የሚቀሰቅስ ሲሆን፥ ይህ ኃይል ግልገሉ ሲያድግ ይቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወራት የጎደለውን በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

የበቆሎ ጉድለት የታወቀው ዛሬ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት የበቆሎን ፕሮቲን ብቻ የበሉ አይጦች እንደሚከሱ፥ ትሪፕቶፋንና ላይሲን ሲጨመርላቸው ግን እንደሚያድጉ አሳዩ። በ1964 ዓ.ም. መርትዝና ኔልሰን ከባልደረባቸው ጋራ በኢንዲያና ላይሲን የበዛበት በቆሎ አገኙ፤ ይህን የበሉ ግልገል ዐሣማዎች ተራውን በቆሎ ከበሉት እጅግ ፈጥነው አደጉ። ከዚህ የተወለደው የተሻሻለ ዘር በሜክሲኮ በቫሳልና በቪጄጋስ ድካም ለገበሬ የሚስማማ ሆኖ፥ በ2001 ዓ.ም. ከባኮ የምርምር ጣቢያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተሰጥቷል።

እንግዲህ የተሻለ ዘር ያላቸውን ዶሮዎች ለሕዝብ የሚያከፋፍል ሹም፥ ከዶሮው አስቀድሞ መኖውን ይጠይቅ። በቆሎ ብቻ የሚበላ ጫጩት ሲቀጭጭ ዘሩን መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ሰፊ እርሻ ያለውም ከበቆሎው ጐን አኩሪ አተር ወይም ባቄላ ይዝራ። የኑግ ፋጉሎ መልካም ቢሆንም ላይሲኑ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ያንሳል። ጥሬ አኩሪ አተር ደግሞ የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውክ ነገር ስላለበት፥ ሳይቈላ ወይም ሳይቀቀል ለታዳጊ እንስሳ መስጠት አይገባም።

ጥራጥሬ በገበያ ውድ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በጆንያ ዋጋ ሳይሆን በተገኘው ሥጋና እንቍላል ይቈጠር፤ ሳያሳድግ ያለቀ ርካሽ እህል ከሁሉ የከበደ ወጪ ነውና። እንጀራን በሽሮ መብላት የለመደው ቤተ ሰብ እህልንና ጥራጥሬን ማጋባት ከጥንት ያውቃል። በቆሎ ብቻ በሚበላበት ወረዳ ያለ ሹም ይህን ልማድ በማስፋፋት ሕፃናቱን ከመቀጨጭ ለመጠበቅ ቢተጋ፥ ለጫጩቱ ከሚያደርገው ይልቅ የበለጠ ምስጋና ይገባዋል።