ሰዓቱን ተይው፣ ደመወዙን ክፈይ

ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ደንበኛ በነገረኝ ልክ ሰፍቼ አላውቅም። ወገቧን ስለካት ትንፋሿን የማትውጥ ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም። እንዲያ ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ የፋሲካ ዕለት ከዶሮ ወጡ በኋላ ይተረተራል፤ ጥፋቱም በእኔ ይሳበባል።

ይህን እያወቅሁ የራሴን ጾም ትንፋሼን ውጬ ለካሁት።

ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ አራት ዓመት አልፏል፤ ኪኒን እወስዳለሁ። ባለፈው ሑዳዴ ማንንም ሳልጠይቅ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም፣ የዕለቱን ዳዊት ልደግም፣ ማታ ማታ ደግሞ 41 ልሰግድ ወሰንኩ። ከየት አመጣሽው ብትሉኝ ከዩቲዩብ ነው። አንድ ሰባኪ ስለ ስግደት ሲያስተምሩ ሰምቼ ልቤ ተነካ። ያሉት ስህተት ነበር አልልም። እኔን ግን አያውቁኝም፤ ካሜራ እያዩ ነው የሚያስተምሩት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ በቅድስት፣ ከመርካቶ ክር ገዝቼ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ኪኒኑን በባዶ ሆዴ ስለዋጥኩ ስኳሬ ወርዶ ኖሯል። ወያላው ከረሜላ ሊያጎርሰኝ ሲል «ወተት አለበት?» ብዬ ጠየቅሁ አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ይቆጡኛል ስል ጥያቄ ጀመሩ። ኪኒኑ ስሙ ማነው? መቼ ነው የምትውጪው? ስንት ሰዓት ስፌት መኪና ላይ ትቀመጫለሽ? ስንት ልጆች ታሠሪያለሽ? የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደመጣ አልገባኝም ነበር።

«ከጥሉላት ተከልከይ፤ ሰዓቱን ግን ተይው» አሉኝ። «ቁርስሽን በልተሽ ኪኒንሽን ዋጪ።» ከዳዊትም በቀን አንድ ንጉሥ፣ አሥር መዝሙር ማለት ነው፣ ይበቃሻል አሉኝ። 150 መዝሙር በ15 ቀን ያልቃል። ጉልበቴ ከስፌቱ ብዛት አልታጠፍ ብሎኛልና ስግደቱን በአድንኖ፣ ራሴን ዝቅ በማድረግ ብቻ እንድፈጽም አዘዙኝ። ቤተ ክርስቲያን ግንባር መሬት የሚነካበትን ሰጊድንም፣ መንበርከክንም፣ አድንኖንም ስግደት ብላ እንደምትጠራ ያን ቀን ነው የተማርኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። እንደ ሕፃን ቆጠሩኝ አልኩ። ሱቄ ውስጥ ግድግዳው ላይ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል አለ፤ ገድላቸው እንደሚለው አንዱ እግራቸው ከመቆም ብዛት ተሰብሮ በቀረው ሰባት ዓመት ጸልየዋል። እኔ ጻድቁ የጨረሱበት ላይ ልጀምር ነበር የቃጣኝ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «የልጆቹን ደመወዝ መቼ ነው የምትከፍያቸው?»

ዝም አልኩ። ከፋሲካ በፊት ሥራ ይበዛል፤ ደንበኛም ገንዘቡን የሚሰጠኝ ልብሱን ሲወስድ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ልጆች ከበዓሉ በኋላ ነበር የምከፍላቸው። አባ ከማን እንደሰሙ አላውቅም። «እስከ ፋሲካ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ክፈያቸው። ይኼ ቀኖናሽ ነው» አሉኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መራብ ከዚህ ይቀል ነበር። ክር በዱቤ ወሰድኩ፣ ከዕቁብ ጓደኛዬ ተበደርኩ። አባ የቀነሱልኝ ከማልችለው ነው፤ እየቻልኩ ከሸሸሁት ላይ ደግሞ ጨመሩብኝ።

በአቅም መጾም ለሰነፍ በር ይከፍታል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ «አቅሜ ነው» እያለ በሑዳዴ ክትፎ የሚያዝ ጎረቤት አለኝ። ለዚህ እኮ ነው ልክ በሌላ ሰው እጅ የሚወሰደው። የራስን ትከሻ በራስ መለካት አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል ወደቀ፦ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በአንድ ጊዜ ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት አባታችን ሆይንም ተወ።

ሕጉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ የታመመውን ከጾም ግዴታ ያወጣዋል፤ በወንጌሉም ጌታው መክሊቱን አምስት፣ ሁለትና አንድ አድርጎ የሰጠው የሎሌዎቹን አቅም አይቶ ነው። የጠፋው ለኪው ነው። ብዙዎቻችን ነፍስ አባታችንን የምናውቃቸው ጸበል ሊረጩ ቤት ሲመጡ ነው፤ ቡና ጠጥተው፣ መስቀል አሳልመው ይሄዳሉ። እሳቸውም ቁጥሩ የማይታወቅ ልጅ ተሸክመዋል፤ በእሳቸው ብቻ አልፈርድም። ግን የልጆቻቸውን ሥራና ሕመም የማያውቁ አባት ለሁሉም ያንኑ ቀኖና ቢሰጡ ከዩቲዩቡ በምን ይለያሉ?

አንባቢዬ፣ የነፍስ አባትዎ ስልክ ካለዎት ዘወረደ ከመግባቱ በፊት ይደውሉላቸው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስሙን ይንገሯቸው። ሠራተኛ ካለዎትም፣ ሳይጠይቁዎት ይንገሯቸው።