እንጦጦ ምን ጎደለው?

ይህን የምጽፍላችሁ ከኬንያ፣ ከኢቴን ነው። ኢቴንን ለማታውቋት፦ ከኤልዶሬት በማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው) ተሳፍራችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የምታገኟት አፈሯ ቀይ፣ ጠዋቷ ብርዳም የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። መግቢያዋ ላይ «የሻምፒዮኖች አገር» እንደማለት የሚነበብ ቅስት ተተክሏል። የመጣሁ ዕለት እዚያ ሥር ፎቶ ተነሥቼ ለማውቀው ሰው ሁሉ ልኬያለሁ። እነሆ ዛሬ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። የመጣሁት ለዐሥራ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ልክ ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው።

ጉዞውን ለእናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እንጦጦ ምን ጎደለው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን እኮ ነው። ኢቴን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባም ከዚያ ብዙ አታንስም፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ፈረንጆቹ ከአውሮፓ ድረስ እዚህ የሚመጡት ለዚህ ስስ አየር ብለው ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት በስስ አየር ውስጥ ነው። በደራርቱ፣ በኃይሌና በጥሩነሽ አገር ተወልዶ ሩጫ ለመማር ኬንያ መሄድ፣ ከጅማ ተነሥቶ ቡና ለመጠጣት ሌላ አገር እንደመሄድ ያለ ነገር ነው። የኢቴን ሰዎችም አይምሩኝም። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ «ጥሩነሽ!» ብለው ይጠሩኛል። ከዚያ ስሮጥ ያዩኛል። ከዚያ ዝም ይላሉ።

እስቲ ከሒሳቡ ልጀምር፤ ሙያዬ ነውና። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን 280 ሺህ ብር ይዤ፣ ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ለምኜ ነው የወጣሁት (አለቃዬ «አሞሻል እንዴ?» ብሎኛል)። ዓላማዬ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነበር። ከመምጣቴ በፊት 10 ኪሎ ሜትር ለክቼ ስሮጥ 58 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጅቶብኛል። ስመለስ 50 ደቂቃ እገባለሁ አልኩ። 520 ሰከንድ መቀነስ ማለት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ግማሹን፣ 260ውን፣ መጨረስ ነበረብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ራሴን ለካሁ። 58 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ።

35 ሰከንድ! ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማካፈል ጀመርኩ። እስካሁን 140 ሺህ ብር አውጥቻለሁ። ለ35 ሲካፈል አንዱ ሰከንድ 4 ሺህ ብር ፈጅቷል። በዚህ ዋጋ የቀሩኝን 485 ሰከንዶች ለመግዛት 1 ሚሊዮን 940 ሺህ ብር ያስፈልገኛል። የምታውቁት አበዳሪ ካለ ጠቁሙኝ።

ቀልዱን ልተወውና ኑዛዜዬን ልናገር። እንዴት 35 ላይ እንደቀረሁ አውቃለሁ።

እዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፋርትሌክ የሚሉት ሩጫ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአፈር መንገድ ላይ ከመቶ በላይ ሰው ይሰበሰባል። ጥቂት ደቂቃ በፍጥነት፣ አንድ ደቂቃ በዝግታ፣ እንደገና በፍጥነት፤ እንደዚያ እየተቀያየረ ይቀጥላል። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ፤ የዓለም ሻምፒዮንም እኔም በአንድ መስመር ቆመን እንጀምራለን። የመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከአቧራው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ አቅሜ እስኪሟጠጥ ሮጥኩ። ዕረፍት የሚባል ነገር ከማስታወሻዬ ሰረዝኩ።

ከተከራየሁበት ግቢ ጎን ያለች አንዲት የ22 ዓመት ሯጭ አለች። የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው የእንግዶችን ልብስ እያጠበች ነው። በየጠዋቱ ስወጣ እያየች «ፖሌ ፖሌ» ትለኛለች፤ በስዋሂሊ «ቀስ በቀስ» ማለት ነው። የናቀችኝ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት የግራ እግሬ ቅልጥም ፊት ለፊቱ ላይ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። መጀመሪያ ስሮጥ፣ ቀጥሎ ስራመድ፣ በመጨረሻ ተኝቼም። ዐሥር ቀን ከሩጫ ወጣሁ። ይኼም ባልከፋ። የከፋው ምን መሰላችሁ? በረዶ ቅልጥሜ ላይ አስሬ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ የቀድሞ ሳምንታት ፎቶዎቼን እየመረጥኩ «ሌላ አሪፍ ጠዋት!» እያልኩ እለጥፍ ነበር። ጓደኞቼ «ጀግና!» ይሉኛል። እናቴ በስልክ «እግርሽ ደህና ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ እማዬ» አልኳት። እናቶች ከየት እንደሚያውቁት እንጃ፤ ስለ እግሬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

ልምምድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ፤ ጡንቻም ቶሎ ይከተላል። አጥንትና ጅማት ግን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሻችሁ «እችላለሁ» በሚላችሁ ሰዓት ቅልጥማችሁ ገና አልተዘጋጀም። ደግሞ ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ሩጫው ያደከመውን እየጠገነ የሚጠነክረው በዕረፍትና በእንቅልፍ ነው። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ ይህን በሁለት ቃል ነግራኝ ነበር።

ሲሻለኝ አንድ ጠዋት እሷና አንድ ጓደኛዋ ይዘውኝ ወጡ። ልጁ 21 ኪሎ ሜትሩን በ61 ደቂቃ የሚጨርስ ነው። ልሞት ነው ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ ሮጥነው። እንደገና አንብቡት፤ በሰባት ደቂቃ! እያወሩ፣ እየሳቁ፣ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ። እኔ አንድም ቀን እንደዚያ ቀስ ብዬ ሮጬ አላውቅም። በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ከእኔ ይልቅ ቀስ ማለት ይችልበታል። ከዚያ ወዲህ አስተውዬ ሳያቸው፣ እነዚህ ሰዎች በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚበሩት። የቀረውን ቀስ ብለው ይሮጣሉ፣ በወተት የተፈላ ሻይ ይጠጣሉ፣ ኡጋሊያቸውን (ቅቤና በርበሬ የሌለው የበቆሎ ገንፎ በሉት) በጎመን ይበላሉ፣ ይተኛሉ።

እንግዲህ ጉድ በሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የፈጠርነው እኛ ነን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምተነዋል። እኔ ግን አምኜው አላውቅም፤ የእኔ ትውልድ የከተማ ልጅ የሚያምነው አይመስለኝም። የእኛ ማስታወቂያ «በ30 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» የሚል ነው። ጂም ስንመዘገብ መጀመሪያ የምናነሣው «በፊት» የሚባለውን ፎቶ ነው፤ ከዚያ «በኋላ» የሚባለውን እንጠብቃለን። በሁለተኛው ወር «በኋላ» ካልመጣ ካርዱ ኪሳችን ውስጥ ያረጃል። በመካከል ያለውን ጊዜ ማንም ፎቶ አያነሣውም። እኔ ደግሞ አሁን ያለሁት እዚያው መካከሉ ላይ ነው፤ የሚለጠፍ ነገር የለውም።

ኢቴንን ራሷን ተመልከቱ። ወንድም ኮልም ኦኮኔል የተባሉ አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚህ ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ መጡ። የሩጫ አሠልጣኝ አልነበሩም። ያሠለጠኑት ዴቪድ ሩዲሻ 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በለንደን ኦሊምፒክ፣ በ2012 ነው። ሰውየው ከመጡ 36 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በእኛም በኩል በበቆጂ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና ልጆች ሳሉ ያሠለጠኑት፣ ዓለም ስማቸውን ከመስማቱ በፊት ነው።

ትዕግሥት አሰፋንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች፤ ከማጣሪያው አላለፈችም። ቀጥሎ የጉዳት ዓመታት መጡ። በመጋቢት 2022 ሪያድ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ሮጠች። በ2023 በርሊን ላይ ደግሞ 2:11:53 ገብታ በወቅቱ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እስቲ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በ2019 መጥታ «የግማሽ ዘመን ሪፖርትሽን አቅርቢ» ብትላት ኖሮ ምን የሚጻፍ ነገር ይገኝ ነበር?

«አልሆን ሲልሽ ፍልስፍና ጀመርሽ» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ተገቢ ነው። እኔ ትዕግሥት አሰፋ አይደለሁም፤ ቁጥር ዋጋ የለውም ማለቴም አይደለም። የሒሳብ ሰው እንዲህ አይልም። 35 ሰከንዱ እውነቱን ነግሮኛል፤ ሦስት ሳምንት በእልህ ሮጦ፣ ዐሥር ቀን ተኝቶ የሚገኘው ይህችው ናት። የተሳሳትኩት ቁጥሩን መጠየቄ ላይ አይደለም። ቁጥሩን ለሌላ ሰው ለማሳየት መቸኮሌ ላይ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። እንጦጦ ምን ጎደለው?

አየሩ አልጎደለም። ዛፉ አልጎደለም፤ ከ2020 ወዲህ ፓርክም አለው። የጎደለው ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሩጫ የሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ንጋት ላይ በብሔራዊ ቡድን ቱታ የሚያልፈው ብርቱ ሯጭ። ሁለተኛው ደግሞ እኛ፣ በኅዳር አንድ እሑድ የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ለብሰን በአሥር ሺዎች የምንጨፍረው። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ያ ቀን ይደምቃል፤ ሰኞ ጠዋት ማንም የለም። መካከሉ ባዶ ነው። በተለይ ሴት ከሆናችሁ፣ ብቻችሁን ቀስ እያላችሁ ስትሮጡ ትርዒት ናችሁ። «እህት፣ ማን አባረረሽ?» «ቀነስሽ እኮ፣ ይበቃሻል!» የሚላችሁ አይጠፋም። እኔ በፍጥነት መሮጥ የለመድኩት እኮ ከአስተያየቱ ለማምለጥ ነው!

እዚህ ቀስ ብዬ ስሮጥ ማንም ዞሮ አያየኝም፤ መንገዱ ሙሉ ሯጭ ነው። ኢቴን ግን ገነት ናት አልላችሁም። አግነስ ቲሮፕ በሴቶች ብቻ ውድድር የ10 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን በሰበረች በአንድ ወሯ፣ በጥቅምት 2021፣ በ25 ዓመቷ የተገደለችው እዚሁ ከተማ፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ስለ እሷ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። መንገዱ ላይ ያለው ነጻነት ቤት ድረስ እንደማይከተል ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ስለዚህ ምን ወሰንኩ? እቀራለሁ። ስድስቱንም ሳምንት። በሳምንት አራት ቀን ከልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ ጋር ቀስ ብዬ እሮጣለሁ፤ ሐሙስ ከመጨረሻው ተርታ ሆኜ አቧራዬን እቅማለሁ፤ ሁለት ቀን አርፋለሁ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ራሴን አልለካም። 50 ደቂቃ እንደማልገባ ከወዲሁ አውቄዋለሁ፤ ይህን ለመጻፍ እጄ እምቢ ሲለኝ ነው የሰነበተው። የምገባበትን ግን፣ 57ም ይሁን 55፣ እዚሁ ገጽ ላይ እነግራችኋለሁ።

ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ቅልጥሜ፣ ስለ ዐሥሩ ቀን፣ ስለ ፎቶዎቹ ሁሉንም ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ ይኼን ለመስማት ኬንያ መሄድ ነበረብሽ? እኔ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቀስ በይ ስልሽ አልነበር?» አለችኝ። ምን ይመለስላታል?

ስመለስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ መግቢያው ላይ እገኛለሁ። በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ፤ ስምንትም ይሆናል። ወሬ ይፈቀዳል፤ ፎቶ አይፈቀድም። ሁለት ሰው ከመጣ ቡድን ነው፤ ማንም ካልመጣ እናቴን ይዣት እወጣለሁ።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱ። ፖሌ ፖሌ።