ስለ ዝንጀሮ ወገኖችና ስለ አኗኗራቸው

ባለፈው ጥቅምት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል በምድረ ከብድ ለማክበር ስንጓዝ፥ በዋዜማው በቡኢ አደርን። ቡኢ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና፥ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሶዶ ጉራጌ ከተማ መሆንዋን ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለው መንደር ያሳደሩን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ከእሳቸውም ጋር 10 ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ይኖራል። ልጁ ትምህርት ቤት ከሄደ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው የሰማነው ራት ከተበላ በኋላ ነው። ምክንያቱ የበቆሎው ማሳ ነበር፤ ዝንጀሮ እንዳያወድመው ከንጋት እስከ ማታ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ የሚውለው እሱ ነው።

ይህ ልጅ አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አምጥቶ የጎሪላን ሥዕል አሳየንና፥ ከሥሩ «ዝንጀሮ» ተብሎ የተጻፈውን በጣቱ እየጠቆመ፥ «ጋሼ፥ ይህ ዝንጀሮ ከሆነ ጅራቱ የት አለ?» ሲል ጠየቀን። የዝንጀሮን ነገር መጽሐፉን ካዘጋጀው ሰው ይልቅ ልጁ ያውቃልና፥ የምንመልስለት ቶሎ አልመጣልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቋንቋችን ጦጣ፥ ዝንጀሮ፥ ጭላዳና ጉሬዛ የሚባሉ የታወቁ ስሞች አሉን፤ ሁሉም ጅራት ላላቸው እንስሳት የተሰጡ ናቸው። ጅራት ለሌላቸው፥ ደረተ ሰፊና ክንደ ረጅም ለሆኑት ለእነጎሪላ ግን አባቶቻችን ስም አላወጡላቸውም፤ በአገራቸው ያላዩትን ምን ብለው ይጥሩት? ስለዚህ ጸሓፊ ሁሉ ሲቸግረው ዝንጀሮ ብሎ ያልፋል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሰሎሞን መርከቦች ከወርቅ፥ ከብርና ከዝሆን ጥርስ ጋር በየሦስት ዓመቱ ስላመጡት እንስሳ ስናነብም የምናገኘው ይህንኑ ስም ነው። በዚያ ስፍራ ግን ቃሉ ሳይስማማ አይቀርም፤ መርከቦቹ በቀይ ባሕር የሚመላለሱ ነበሩና።

ጅራት አልባዎቹ የሚኖሩት ከእኛ ርቀው ነው። ጎሪላ፥ ቺምፓንዚና ቦኖቦ የአፍሪካ ደን ናቸው፤ ለአገራችን ቅርብ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ዑጋንዳ ነው። ኦራንጉታን በቦርኔዎና በሱማትራ ደሴቶች፥ ጊቦን በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይገኛሉ። ጎሪላ መልኩ ቢያስፈራም ቅጠል በሊታ ነው፤ ጀርባው የሸበተ አንድ አውራ ቤተ ሰቡን ይመራል፥ ሁሉም በየምሽቱ አዲስ መኝታ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ያበጃሉ። ቺምፓንዚ በሣር አገዳ ምስጥን ከኩይሳ አጥምዶ ሲበላ እንግሊዛዊቷ ጄን ጉዶል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በታንዛንያ በጎምቤ አይታ ዓለምን አስደንቃለች። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ኦራንጉታን ነው፤ እናቲቱ ያለ አባት ርዳታ ብቻዋን በዛፍ ላይ እየኖረች አንድ ልጅ እስከ 8 ዓመት ድረስ አጠገብዋ ይዛ ታሳድጋለች።

በአገራችን ዛሬ ከእነዚህ አንድም የለም። ሆኖም በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡብ ዳርቻ፥ ጮሮራ በተባለው ስፍራ፥ የጎሪላን ጥርስ የሚመስሉ 9 ጥርሶች ከድንጋይ ውስጥ ተገኝተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጃፓን ሊቃውንት ለዓለም አስታውቀዋል።

ወደ ራሳችን ወገኖች እንመለስ። ጉሬዛን በዝቋላ ተራራ ደን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ጥቁር ገላው ላይ ነጭ ካባ የደረበ ይመስላል፥ ልጁም ሲወለድ ፍጹም ነጭ ነው። አውራ ጣት የለውም፤ ምግቡ አብዛኛውን ቅጠል ስለ ሆነ ሆዱ እንደ ከብት ሆድ ብዙ ክፍል አለው፥ ወደ ገበሬ ማሳ ለመውረድም ያን ያህል አይቸኩልም። ለቆዳው ሲባል ግን ብዙ ታድኗል። ጀርመናዊው ሩፔል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. ይህንን እንስሳና ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት ባስታወቀ ጊዜ በአገራቸው ስም ጠራቸው፤ የዓለም መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚጽፏቸውም በዚሁ ስም ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። በሰሜን ተራሮች፥ በመንዝ ጓሳና በደብረ ሊባኖስ ገደል ፀሐይ እየሞቀ ሣር ሲነጭ የሚታየው፥ ደረቱ ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ ያለው እሱ ነው። ሥጋ አዳኝ ነው እያሉ የሚፈሩት አሉ፤ ነገር ግን ኑሮው ከሞላ ጎደል በሣር ነው።

የቡኢዎቹ ባላንጣ ግን በኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል የሚገኘው ተራው ዝንጀሮ ነው። እሱ ያገኘውን ይበላል፤ ፍሬ፥ ሥር፥ ነፍሳት፥ የወፍ ዕንቁላል፥ አንዳንዴም የሚዳቋ ግልገል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው በቆሎ ነው። በመንጋው ከ20 እስከ 100ና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። ሰው መንጋውን የሚያጸናው ትልቁ አውራ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ወንዱ ሲጎረምስ ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳል፤ ሴቶቹ በተወለዱበት ይቀራሉ፥ ልጅም የእናትዋን ማዕርግ ትወርሳለች። በአዋሽ ቆላና በድሬዳዋ በኩል ያለው ባለ ግራጫ ጎፈሬው ሐማድርያስ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ አንዱ ወንድ ጥቂት ሚስቶች ይዞ፥ የራቀችውን አንገትዋን ነክሶ ይመልሳል። ጥንታውያን ግብፃውያን በመርከብ እያስመጡ ያከብሩት የነበረው ይህኛው ነው። ለማታ ገደል ወይም ረጅም ዛፍ ይፈልጋሉ፤ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እንዲያንቀላፉ መቀመጫቸው የደነደነ ሆኖ ተፈጥሯል። «ቅድሚያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለው ተረት ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም።

በዚያ ምሽት ቡና ሲፈላ ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ ስለ መርዝ አነሣ። እኛ አልወደድነውም፤ መርዝ የተቀባ እህል የሚበላውን አይመርጥም፤ ውሻም ይበላዋል፥ ሬሳውን የሚበላ ጥንብ አንሣም ይሞታል፥ ሕፃንም ሊያነሣው ይችላል። ትልቁን ወንድ መግደልም መንገዱን አያጠፋውም፤ ወደ ማሳው የሚወስደውን መንገድ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፥ ሌላ ወንድም ከውጭ ይመጣል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል የተሳለመ ሰው በዙሪያቸው ያሉትን አንበሶችና ነብሮች ያስታውሳል። ነብር የዝንጀሮ ዋና ጠላት ነው፤ ነብር ተገድሎ ባለቀበት አገር ዝንጀሮ የሚፈራው ሰውን ብቻ ነው።

ከሰውም ሁሉን እኩል አይፈራም። በምሥራቅ አፍሪካ ማሳዎች ይህን የተከታተሉ ሰዎች ዝንጀሮ ከወንድ ቶሎ እንደሚሸሽ፥ ሴትንና ሕፃንን ግን እንደሚዳፈር ጽፈዋል። ይህን ስንነግራቸው ባልቴቲቱ፥ «እንግዲያስ ልጄን ከትምህርቱ አስቀርቼ ማማ ላይ ያወጣሁት ለከንቱ ነዋ!» አሉ። ለከንቱስ አይደለም፤ ልጅም ቢሆን ሰው የሌለበትን ማሳ ያህል አይሆንም። ነገር ግን ማሳቸው የሚዋሰን አራት ቤቶች ነበሩ፥ በአራቱም ቤት አባወራ ወይም ጎልማሳ ልጅ አለ፤ ከባልቴቲቱ ቤት በቀር።

ዝንጀሮ ሳይነጋ ከገደሉ አይወርድም፥ ፀሐይ ሳትጠልቅም ወደዚያው ይመለሳል። ስለዚህ የሌሊቱ ጥበቃ ለጃርት ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ጎረቤቶቹ ይህን አስበው፥ ወንዶቹ ቀኑን በተራ እንዲጠብቁ፥ ልጆቹ ከትምህርት መልስ ብቻ እንዲተኩ ተስማሙ። አንደኛው በሚመጣው ዓመት ለደኑ ቅርብ የሆነውን ጠርዝ በቃሪያ ሊዘራው አሰበ፤ ዝንጀሮ የሚያቃጥል ነገር አይወድምና። ባልቴቲቱም ለጠባቂዎቹ ቆሎና ጠላ ሊያቀርቡ ቃል ገቡ፤ እዚህ ላይ ጠላው ጥበቃውን እንዳያስተኛው ብንሰጋም ዝም አልን።

ከበዓሉ መልስ በማግሥቱ በዚያው ስናልፍ ልጁን ደብተሩን ይዞ መንገድ ላይ አገኘነው። ወንጭፉን ለጎረቤቱ ሰጥቶታል፤ ድንጋይ አመራረጡን ግን ስላላመነው ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ሲያሳየው ቆይቶ፥ ደወሉ ተደውሎ ነበር።