ለጉዞም ለቤትም አንድ ሌንስ

በጥምቀት ዕለት ሕፃን አዝላ፣ ዣንጥላና ዘንቢል ይዛ ጃንሜዳ የወረደች እናት ቆማ ሌንስ ልትቀያይር አትችልም። ብትሞክርም አቧራው ካሜራው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካሜራ ላላቸው እኅቶች ከ18 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ዙም ሌንስ ይበቃል እንላለን። በ18 ጠባብ ሳሎን ውስጥ የተሰበሰበው ቤተሰብ በሙሉ ይገባል፤ በ200 ደግሞ በሕዝቡ መካከል ራቅ ብሎ የሚዘምረው ልጅ ፊት ይቀርባል። የስልክ ዙም ግን ብዙውን ጊዜ ምስሉን ቆርጦ ማጉላት በመሆኑ ፊቱን ያደበዝዘዋል።

የዚህ ሌንስ ጉድለት ጨለማ ላይ ነው። ወደ 200 በተጠጋ ቁጥር ቀዳዳው እየጠበበ የሚያስገባው ብርሃን ያንሳል። ማታ ቡና ሲፈላ አያትን ለማንሳት ወደ 18 መልሶ ጠጋ ማለት ይሻላል። በ200 ሲነሳም፣ ሌንሱ ማረጋጊያ ከሌለው፣ ፍጥነቱ ከሰኮንድ 1/250ኛ መዘግየት የለበትም፤ አለዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ ያበላሸዋል። ክንድን ከጎን ማስጠጋትም ይረዳል።

አንድ ነገር እናሳስባለን። የብዙ ቤት አልበም ሲገለጥ እናትየዋ የለችም፤ ካሜራውን የያዘችው እርሷ ነቻ! አባወራው ዙም ማዞር ለመማር አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።